ከሾፌሩ ጎን

መኪናዋ መታመሟ መጀመሪያ የታወቀው ትራፊክ መብራት ላይ ነው። ቀይ በርቶ ሲቆሙ ሞተሩ እንደ ድሮው ረግቶ መሥራቱን ትቶ፣ ብርድ እንደመታው ሰው መንዘፍዘፍ ጀመረ። መሪው ይርገበገባል፤ ወንበሩ ከሥር ይነዝራል። አረንጓዴ ሲበራ ደግሞ ባልየው ነዳጅ መስጫውን ቢረግጠው ቢረግጠው፣ ሲጠሩት እንዳልሰማ እንደሚሆን ልጅ ትለግማለች። ከኋላ ያሉት ጡሩምባቸውን ያምባርቁባቸዋል።

«አይዞሽ እሜቴ፣ አይዞሽ» ይላታል፣ ዳሽቦርዱን መታ መታ እያደረገ።

እሜቴ ለመኪናዋ ያወጣላት ስም ነው። አባቱ ሲሞቱ ለእሱ የደረሰችው እሷ ነበረች። ከዕድሜዋ ብዛት ቀለሟ ነጭ ይሁን ክሬም ባልና ሚስቱ ተስማምተው አያውቁም። እሱ መሬት ቀያሽ ነው። ሳምንቱን ሜዳ ለሜዳ ሲዞር ይሰነብትና፣ እሁድ ሲመጣ ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ እናቱን ሊጠይቅ ይሄዳል። የእናቱ ቤት ከተማው ሊያልቅ ሲል፣ የረጅሙ ዳገት ጫፍ ላይ ነው። በሙቀትም በብርድም መስኮቱን ከፍቶ፣ ክንዱን ወደ ውጭ አውጥቶ ነው የሚነዳው። በእሷ በኩል ያለው መስኮት ግን ማዞሪያው ከተሰበረ ስለቆየ አይከፈትም።

ሚስትየው ልብስ ሰፊ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ሰፊ ክፍል ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር ትሠራለች። የጨርቁ ብናኝ፣ የካውያው እንፋሎት፣ የማሽኑ ጩኸት አንድ ቀን እንኳ ራሷን አሟት አያውቅም። እሁድ ሲሆንና መኪናዋ ዳገቱን ስትጀምር ግን ግንባሯን የሆነ ነገር ጥብቅ አድርጎ ያስራታል። ቀጥሎ ያቅለሸልሻታል። አማቷ ደጃፍ ሲደርሱ ፊቷ አመድ መስሎ፣ በሩን ተደግፋ ትወርዳለች። አንድ ሁለቴ በሩ ሥር አስመልሷታል። ምሳ ሲቀርብ መቅመስ ያቅታትና ጓዳ ገብታ ጋደም ትላለች፤ ከሳሎን የእናትና የልጅ ወሬ ይሰማታል።

«ሥራ ቦታ ደህና ነሽ፤ ቤት ደህና ነሽ» አላት አንድ እሁድ ሲመለሱ። «እናቴ ቤት ስንሄድ ብቻ ነው የምትታመሚው።»

«መኪናዋ ናት መሰለኝ። የሆነ ነገር ይሸተኛል።»

«አሮጌ መኪና ምን እንዲሸት ፈልገሽ ነው? ሽቶ?»

«እውነቴን ነው።»

«እኔስ የት ነው የምቀመጠው? ጣሪያው ላይ?»

እውነትም እሱ እዚያው አጠገቧ ነበር፤ ደህና ነበር። አንዳንዴ ማታ ላይ ግንባሩን እያሸ ኪኒን ሲውጥ ታየዋለች፤ እሱ ግን ፀሐዩ ነው፣ ሥራው ነው ይል ነበር።

አንድ እሁድ ታናሽ እህቷ አብራቸው ሄደች። ያን ቀን ሞተሩም ደህና ነበር፤ ዳገቱን ሳያንገራግር ወጣው። እህትማማቾቹም መንገዱን ሙሉ ሲስቁ ሄደው ሲስቁ ተመለሱ። ባልየው እህቷን እቤቷ አውርዶ በሩ እንደተዘጋ፣ ወደ ፊት እያየ፣ «ራስሽ ዛሬ የዓመት ፈቃድ ወጥቶ ነው?» አላት። ቀልድ ለማስመሰል ፈገግ ብሏል። ነገሩ ግን አጥንቷ ድረስ ዘልቆ ገባ።

በማግስቱ ለሥራ ጓደኞቿ አወራቻቸው። ቁልፍ የምትተክለው ሴትዮ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ «ይኼማ የታወቀ በሽታ ነው። የአማት ወባ ይባላል፤ እሁድ እሁድ ይነሳል» አለች። ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እሷም አብራ ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ነገሩ ከአእምሮዋ አልወጣ አለ።

እውነት ይሆን እንዴ? አማቷ ክፉ ሴት አልነበሩም። ሲያገኟት የቀሚሷን ጫፍ በጣታቸው ይዘው፣ «ራስሽ ነሽ የሰፋሽው?» ይላሉ፤ አዎ ስትላቸው «ይታያል» ይላሉ፤ ሙገሳ ይሁን ነቀፌታ ግን አይታወቅም። ልጃቸው መክሳቱን ሲናገሩ እሷን ያያሉ። ይኼ ሁሉ ሲደመር አንዲትን ሴት ያሳምማል? ማሽኑ ላይ አጎንብሳ ኮሌታ እየገጠመች ውስጧን ትበረብረው ጀመር። ቅያሜም አገኘች፤ ሰው ሲፈልግ የማያጣው ነገር ነው። እንግዲያው ባሌ ልክ ነው አለች ለራሷ፤ አፌ ያልተናገረውን ሆዴ ነው የሚናገርብኝ። እልህ ይዟት ለአማቷ ደህና ጨርቅ መርጣ ካፖርት ሰፋችላቸው። ይዛላቸው የሄደች ዕለት ካፖርቱን ሶፋ ላይ አስቀምጣ በቀጥታ ሽንት ቤት ገብታ አስመለሰች።

«የምራቴ ራስ ደጄን ያውቀዋል» አሉ አማቷ ለልጃቸው፣ የምትሰማ ሳይመስላቸው።

ይኼ ሁሉ ሲሆን መኪናዋም አልተሻላትም። ባልየው ሰፈር ውስጥ ወዳለው ጋራዥ ወሰዳት። መካኒኩን ሁሉም ቀስበቀስ ነው የሚለው። ብሎን ሲፈታ፣ ሻይ ሲጠጣ፣ ደንበኛ ሲቆጣ «ቀስ በቀስ» ማለት ይወዳል። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን አስነስቶ ጆሮውን ሰጠ። ሚኒሞው፣ ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት፣ አይረጋም፤ ይወርዳል፣ ሊጠፋ ሲል ይነሳል። ካንዴላዎቹን አወጣ፤ ጥላሸት ጠጥተዋል። ቀየራቸው። ካርቡራተሩን አውርዶ አጠበ፤ የቤንዚን ማጣሪያውን ለወጠ፤ የእሳት ገመዶቹን አንድ በአንድ ነቅሎ ሞከረ። መኪናዋ ጥቂት ቀን ደህና ሆነች፤ ከዚያ ወደ ቀድሞዋ ተመለሰች። መልሰው ወሰዷት፤ መልሶ ፈታታት። በመጨረሻ እጁን በቡቱቶ እየጠረገ፣ «እንግዲህ ሞተሩ አርጅቷል፤ ወርዶ ሊታደስ ነው» አለው።

ባልየው ይህን ሲሰማ አባቱ እንደገና የሞቱበት ያህል ከፋው። ሞተሩን ማውረዱን ለሌላ ጊዜ አቆየውና እንዲሁ እየለገመች ይነዳት ገባ።

አማቷ ዓይናቸው ላይ ሞራ ወጥቶ ኖሮ፣ የሚገፈፍላቸው ቀን ደረሰ። ባልና ሚስት ሁለቱም ከሥራ ቀርተው ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። ለክብራቸው የፊቱን ወንበር ለቃላቸው ሚስትየው ከኋላ ተቀመጠች። ሕክምናው በሰላም አልቆ፣ አሮጊቷ አንድ ዓይናቸው ታሽጎ ሲወጡ ዝናብ ይጥል ነበር።

«መስኮቱን ዝጋው ልጄ፤ ነፋሱ ዓይኔን እንዳይመታኝ» አሉ። ልጅየው ክንዱን አስገብቶ መስኮቱን እስከ ላይ ዘጋ።

ዳገቱ ግርጌ ሲደርሱ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ተበላሽቷል። ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና፤ ወዴትም መሄድ የለም። ባልየው ሞተሩን ቢያጠፋ እንደገና እንዳትነሳበት ፈርቶ እንደበራ ተወው፤ እንዳይሞትም ነዳጅ መስጫውን ረገጥ፣ ረገጥ ያደርገዋል። እሜቴ ትንዘፈዘፋለች። ከኋላ ያለው መስኮት ድሮም ሙሉ በሙሉ አይገጥምም፤ ሚስትየው ትከሻዋ ላይ ውሃ ይንጠባጠብባታል። ብርዱ ቢያንዘፈዝፋትም ራሷን አላመማትም። ታዲያስ፣ የአማት ወባው የታል? አለች በሆዷ።

«ራሴን ያዘኝ» አሉ አማቷ።

ሚስትየው ቀና አለች። አሮጊቷ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገዋል፤ ልክ እሷ እንደምታደርገው።

«ያቅለሸልሸኛልም መሰለኝ።»

«እማዬ? ምን ሆንሽ? መድኃኒቱ ይሆን?» ልጅየው ወዲያው ሙሉ ሰውነቱን ወደ እናቱ አዞረ። ድምፁ ተለውጧል።

ሚስትየው ደሟ ፈላ። እያሾፉብኝ ነው፣ አለች ለራሷ። እኔን እያስመሰሉ ነው። እሱ ደግሞ እይልኝማ እንዴት እንደዞረ! ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አንገቱን እንዲህ አዙሮ ያውቃል? ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ ዝናቡን ታይ ጀመር። አማቷ ሌላም ነገር ተናገሩ፤ ቃላቸው ተጎተተ፤ አልመለሰችም። አንድ ሰውዬ ጃንጥላው ተገልብጦበት ሲታገል አየች። ትንሽ እልፍ ሲል አሁንም አየችው። ልጅየው፣ «ደርሰናል እማዬ፣ አሁን መንገዱ ይከፈታል» እያለ ግንባሩን ያሻል።

የአሮጊቷ ቦርሳ ከጭናቸው ተንሸራቶ ወደቀ። ሊያነሱት አልሞከሩም። ጭንቅላታቸው ቀስ ብሎ መስታወቱ ላይ ዘመመ።

«በሩን ክፈተው!» ስትል ሚስትየው ጮኸች። «አውጣቸው! ከመኪናው አውጣቸው!»

እንዴት እንደወረደች አታውቅም። የፊቱን በር በርግዳ አማቷን በብብታቸው ይዛ ጎተተች። ባልየው ሊረዳት ዞሮ ሲመጣ እንደሰከረ ሰው ተንገዳገደ። አሮጊቷን በዝናቡ ውስጥ የእግረኛ መንገዱ ላይ አስደግፈው አስቀመጧቸው። ከጃንጥላው ጋር ሲታገል የነበረው ሰውዬ መጥቶ ከላያቸው ቆመ። መንገዱ ተዘግቶባቸው የቆሙት ሾፌሮች ተሸክመዋቸው ከዳገቱ ሥር ወዳለው ክሊኒክ አስገቧቸው።

ሐኪሟ ኦክስጅን አስተነፈሰቻቸው። ቀለማቸው ተመልሶ፣ ስማቸውን ሲጠየቁ በቁጣ ሲመልሱ ነው ሁሉም ትንፋሽ ያገኘው። ሐኪሟ ባልና ሚስቱን ወደ ውጭ አውጥታ፣ «የመኪና ጭስ ነው። ውስጥ እየገባ ነው» አለች። «አደገኛው የጭሱ ክፍል ራሱ ሽታ የለውም፤ ሰውን አደንዝዞ ይወስዳል። ከዚህ በፊት በዚያ መኪና ውስጥ የታመመ ሰው ነበር?»

ባልየው መሬት መሬት አየ።

«ነበር» አለች ሚስትየው።

በማግስቱ እሱ እናቱ ዘንድ ቀረ፤ እሷ መካኒኩን ይዛ መኪናዋ ተገፍታ ወደ ዳር ወደቆመችበት ሄደች። ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ያብረቀርቃል። ቀስበቀስ የዕቃ ሳጥኑን አስቀመጠና ኮፈኑን ሳይነካ ቆመ።

«ማን ነው የታመመው? የት ተቀምጠው?»

«ከሾፌሩ ጎን። ትናንት አማቴ። ከዚያ በፊት ደግሞ እኔ። ሁልጊዜ።»

«ባለቤትዎ እኮ አልነገረኝም።»

«እሱ ስለ ሞተሩ ነው የነገረህ።»

መካኒኩ ራሱን ነቀነቀ። «እኔም ስለ ሞተሩ ነው የጠየቅሁት።»

በሮቹን ሁሉ ከፋፍቶ ሞተሩን አስነሳ። ወደ ኋላ ዞሮ ቡቱቶውን የጭስ መውጫው አፍ ላይ ዘረጋው። የሚሠራ ሞተር ጨርቁን ወደ ውጭ ሊያወናጭፈው በተገባ ነበር፤ ጨርቁ ግን እፍ እንዳሉት ወረቀት ትንሽ ተነቃነቀና ቀረ። ቀስበቀስ ዓይኑ ጠበበ። ሞተሩን አጥፍቶ፣ ላስቲክ አንጥፎ ሥር ገባ። የጭሱን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ በመዶሻ እጀታ ሲመታው ውስጡ አንዳች ነገር ተንኳኳ።

«ሰሙ? ውስጡ ያለው ብረት በስብሶ ተገንጥሏል። እንደ በር ሆኖ መውጫውን ይዘጋዋል።»

ከሞተሩ በታች ያለውን የጭስ ቱቦ መገጣጠሚያ አላልቶ እንደገና እንድታስነሳው ነገራት። መኪናዋ ሰፈሩን በሚያናውጥ ጩኸት ተነሳች፤ ጩኸቱ ግን አንድ ወጥ ነበር። መንዘፍዘፉ የለም። ሚኒሞው ረግቷል። ነዳጅ ስትሰጠው ሞተሩ ሳያቅማማ ጉልበቱን ሰጣት።

«ሞተሩ ጤነኛ ነው» አለ ከሥር ሲወጣ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «መተንፈስ ነው ያቃተው። ያስገባውን ማስወጣት ካልቻለ እንዴት ብሎ ጉልበት ያገኛል? የታፈነው ጭስ ደግሞ ሌላ ቀዳዳ ይፈልጋል።» ከሾፌሩ ጎን ካለው ወንበር ፊት ያለውን ምንጣፍ ገለጠው። ወለሉ ዝጎ ተበልቷል፤ በቀዳዳው ውስጥ እርጥቡ አስፋልት ይታያል። ልክ ከሥሩ ቱቦው ተሰንጥቋል። የቀዳዳው ዙሪያ በጥላሸት ጠቁሯል። ልክ እግሯን የምታሳርፍበት ቦታ ነበር። በጣቷ ነካችው፤ ጣቷ ጠቆረ።

«አንዳንድ ቀን ግን ደህና ነበርኩ» አለች። «እህቴ የመጣች ቀን ዳገቱንም ያለችግር ወጣች።»

«የተገነጠለው ብረት ይንቀሳቀሳላ። አንዳንዴ መንገዱን ይለቃል፤ አንዳንዴ ይዘጋል። እኔም ካንዴላ ስለቀየርኩ የዳነች መስሎኝ ነበር።» የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ጥቁር እጁን አየ። «ካንዴላው ጥላሸት ጠጥቶ ነበር። አይቼ ቀየርኩት። ለምን ጠጣ ብዬ ወደ ኋላ አልሄድኩም። ሰው ልገድል ነበር እኮ፣ እህቴ።»

ጣቷ ላይ የቀረውን ጥላሸት በቡቱቶው ጠረገች። አማቷ ያሾፉባት መስሏት ዝም ያለችበትን ያን ሰዓት ታስብ ነበር። መካኒኩ ቢያንስ አላወቀም። እሷ ግን በሽታውን እንደ እጇ መዳፍ እያወቀችው፣ ከሰው አፍ ስትሰማው አላመነችም።

ማታ ባልየው ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ስትነግሪኝ አላመንኩሽም» አለ።

«አላመንከኝም።»

«ይቅርታ።»

«እሳቸውን በአንድ ቃል አመንካቸው።»

«እናቴ ናት።»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔ ማን እንደሆንኩ ነው ያላወቅሁት።» እጇን ሊይዝ ሲል አልከለከለችውም፤ እጇ ግን እንደ ሌላ ሰው እጅ ሆኖ መዳፉ ውስጥ ተቀመጠ።

አማቷ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ሚስትየው ከሥራ ወጥታ በአውቶቡስ ሄደች። ብቻዋን ነበረች። አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ሌላ ነገር ሳትቀባባ ነገረቻቸው።

«እማማ፣ ያን ቀን ራሴን ያዘኝ ሲሉ ሰምቼዎት ነበር። የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

አሮጊቷ ባልታሸገው ዓይናቸው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «ዝም ብለሽ ብዙ ቆየሽ?»

«ቆየሁ።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እሺ፣ ሂጂ አሁን። ደክሞኛል።»

ዳገቱን በእግሯ እያለቀሰች ወረደች። በሌላው ሳምንት ግን ራሳቸው ደወሉላት። ስትመጣ ሰፍታ የሰጠቻቸውን ካፖርት ለብሰው ሳሎን ተቀምጠዋል፤ በሩ እንኳ ሳይዘጋ፣ «ተቀይሜሽ ነበር። አሁንም ትንሽ ቀርቶኛል» አሏት።

«ይገባኛል እማማ።»

«ትጠይኛለሽ?»

አይ ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ ተወችው። «አንዳንዴ።»

አሮጊቷ ሳቁ፤ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ጎሽ። እኔን እስከዛሬ ማንም እውነት አልነገረኝም፤ ልጄን ጨምሮ። እኔም አንዳንዴ እጠላሻለሁ። ነይ አሁን፣ ይኼ ብብቱ ትንሽ ይይዘኛል፤ ልታሰፊልኝ ትችያለሽ?»

ቀስበቀስ ማርሚታውን ለወጠ፣ ቱቦውን ቀየረ፣ የተበላውን ወለል ቆርጦ አዲስ ላሜራ በየደበት። የመስኮቱንም ማዞሪያ ማንም ሳይጠይቀው ገጠመ። እሁድ ጠዋት፣ ወደ እናቱ ሊሄዱ ሲሉ፣ ባልየው መኪናዋን ደጃፍ አቁሞ ሚስቱን ጠራት።

«ነይ ስሚያት። ሚኒሞዋን ስሚ።»

ወጥታ ሰማች። ሞተሩ ረግቶ፣ አንድ ወጥ ሆኖ ይሠራል። ሰው ዓይኑን ቢጨፍን የበራ መሆኑን እንኳ በጭንቅ ነው የሚያውቀው።

«ደህና ናት» አለች። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። «አንተ ሂድባት። እኔ በአውቶቡስ እመጣለሁ።»

«ተሠርታለች እኮ። እኔ ራሴ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሞክሬያታለሁ።»

«አምንሃለሁ» አለች። ይህን ስትል ድምጿ ውስጥ ምሬት አልነበረም፤ እሱ ግን ጎንበስ አለ። «ለጊዜው አልችልም። መቼ እንደምችል አላውቅም።»

ሞተሩን አጠፋ። ትንሽ መሪውን እንደያዘ ቆየ፤ ከዚያ ወርዶ በሩን ቆለፈና ተከተላት። እስከ ፌርማታው ጎን ለጎን ሄዱ። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ነበር የመጣው። ግፊያው ለያያቸው፤ እሷ ከፊት መቀመጫ አገኘች፣ እሱ ከኋላ በሩ ጋ ብረቱን ይዞ ቆመ። አውቶቡሱ ሰው ሲጭንና ሲያወርድ ቆይቶ ዳገቱን ጀመረ።